በማኅበራዊ ጭንቀት ሕክምና ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ኪኒኑን በሁለተኛው ሳምንት ያቆማሉ። ከዚህ በላይ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም። ሰው ስንት ዓመት ከሰው ሸሽቶ ኖሮ፣ በስንት ጭንቅ ካርድ አውጥቶ ይመጣል። ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ይታዘዝለታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሸዋል፤ እንቅልፍ ይነሳዋል። አንዳንዱን ጭራሽ ያቁነጠንጠዋል። ጭንቀቱ ግን ያው ነው። «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒቱ እኮ ገና ሥራውን አልጀመረም! ለውጥ ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ይህን ሳንነግረው የምንሸኘው እኛ ባለሙያዎች ነን፤ ጥፋቱ የእኛም ነው። ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያው ይምጡ።

ሌላው ደግሞ ሲሻለው በራሱ ያቆማል። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ 6 ወር መቀጠል አለበት፤ ሲቆምም ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ ነው። ጠበል ለመሄድ ብለው የሚያቋርጡም ብዙ ናቸው። ጠበሉን ይጠመቁ፤ ኪኒኑንም ይዋጡ።

ከጓደኛ ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ኪኒን ተቀብሎ «ለሠርጉ ብቻ» መዋጥ። ሠርጉ ያልፋል፤ ሱሱ ይቀራል።

ጫትም እንደዚያው። ሲያጫውት ቆይቶ ምርቃናው ሲወርድ ጭንቀቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ፕሮፕራኖሎል የሚባለው ኪኒን የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ለአንድ ንግግር ያህል ያበርዳል። በሽታውን አያክምም። አስም ያለበት ሰው እንዳይነካው።

ሲቢቲ የሚባለውን የንግግር ሕክምና ሁለቴ መጥቶ «ምክር ብቻ ነው» ብሎ መቅረትም አለ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል፤ ዋናው ሥራ ደግሞ ውጭ፣ ሰው መሀል የሚደረገው ልምምድ ነው። እዚያ ላይ ግን አንድ ስውር ወጥመድ አለ።

አንዲት ልጅ እጄ ይንቀጠቀጣል ብላ እንግዳ ፊት ቡና መቅዳት ትፈራ ነበር። በየሳምንቱ «ቀዳሁ» ትለኛለች፤ ፍርሃቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን እስቲ እንዴት እንደምትቀጂ አሳዪኝ አልኳት። ባዶ ጀበና እንደያዘች ሆና፣ በሁለት እጇ ጨምቃ፣ ትንፋሿን ውጣ አሳየችኝ። ስኒውንም እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምትሞላው። ለካ «ጨምቄ ስለያዝኩ ተረፍኩ» እያለች ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ እጅ፣ ስኒውን ሞልታ ቀዳች። ረከቦቱ ላይ ፈሰሰባት። እናቷ ጨርቅ አቀበለቻት፤ ወሬው ቀጠለ። «ማንም ዞር ብሎ አላየኝም» አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

ከከባዱ መጀመርም ስህተት ነው። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንዱን ተማሪ በቀጥታ ክፍሉ ፊት ቆመህ ተናገር ብዬ ላክሁት። ሁለት ወር ጠፋ። ያን ጊዜ ማስጀመር የነበረብኝ ታክሲ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ» ከማለት ነው። ከዚያ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ ከሱቅ መውጣት፤ ክፍሉ ፊት መቆም ከብዙ ሳምንት በኋላ ይደርሳል።

ቤተሰብ ደግሞ በፍቅር ያበላሻል። ስልኩን ያነሱላታል፤ ሱቅ ይላኩላታል፤ እንግዳ ሲመጣ «ዓይን አፋር ናት» ብለው ጓዳ ያስቀሯታል። እባካችሁ እናቶች፣ ስልኩ ሲጠራ ትንሽ ታገሱ። ራሷ ታንሳው።