የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ የትምህርት ዝግጅቱንና የምርምር ትኩረቱን እንዴት ይጻፍ?

የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ ለሥራ ወይም ለምርምር ድጋፍ ሲያመለክት የሚያቀርበው አጭር መግለጫ ብዙውን ጊዜ የሚደክመው በዲግሪ ማነስ ሳይሆን የምርምር ትኩረቱ ተለይቶ ባለመጻፉ ነው። ስለዚህ መጻፍ የሚጀመረው ከምርምር ጥያቄው ነው።

«የእናቶችና የሕፃናት ጤና» ማለት የዘርፉን ስም መጥራት እንጂ ትኩረትን መግለጽ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነበር። ትኩረታቸው «ተላላፊ በሽታዎች» ተብሎ ቢጻፍ ምንም አይነግረንም፤ «ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ መቆጣጠር» ቢባል ግን በሽታው፣ የሚተላለፍበት መንገድና የታሰበው መፍትሔ በአንድ ሐረግ ይታያሉ። እርስዎም ችግሩን፣ የሚጠናውን ማኅበረሰብ፣ ቦታውንና የጥናት ዘዴውን አንድ ላይ ያስቀምጡ፤ ለምሳሌ «በገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል የሚያዘገዩበትን ምክንያት በቤት ለቤት ጥናትና በቃለ መጠይቅ አጠናለሁ» ብለው ይጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት ትኩረቶች ይበቃሉ፤ ዐሥር የደረደረ አመልካች፣ በእኔ ግምት፣ ገና አልወሰነም።

ትምህርትዎን ከቅርብ ጊዜው ጀምረው ይዘርዝሩ፤ ከዲግሪው ጎን የመመረቂያ ጽሑፍዎን ርዕስ ያኑሩ። ከማስተርስ በፊት በጤና መኮንንነት ጤና ጣቢያ ሠርተው ከሆነ አይዝለሉት፤ ጥያቄዎ ከየት እንደተነሣ የሚያስረዳው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ዓይነት የረጅም ጊዜ ክትትል መረጃ ተጠቅመው ከሆነ፣ መረጃውን መሰብሰብዎን፣ ማጥራትዎን ወይም መተንተንዎን ለይተው ይናገሩ።

የዘመን አቆጣጠሩን ሳይገልጹ ዓመት አይጻፉ። ያለ ማብራሪያ «2008» ተብሎ የተጻፈ የምረቃ ዓመት የውጭ አንባቢን ያሳስታል፤ 2008 ዓ.ም. በእነርሱ አቆጣጠር ከ2015 መስከረም እስከ 2016 መስከረም ያለው ጊዜ ነውና።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የጆርናሎች መረጃ ቋት ብዙውን ጊዜ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል፤ አንዱ ጽሑፍ በራስ ስም፣ ሌላው በአባት ስም ተመዝግቦ፣ የላቲን ፊደል አጻጻፉም ከተለያየ፣ የአንድ ሰው ሥራ የሁለት ሰዎች ይመስላል። በመጀመሪያው ኅትመት የተጠቀሙበትን አጻጻፍ አይለውጡ፤ ኦርኪድ (ORCID) የተባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ አውጥተው ከስምዎ ሥር ያስቀምጡት።