ጠጥቶ በማሽከርከር ሲከሰሱ ጉዳይዎን ከመንገድ እስከ ችሎት እንዴት እንደሚከታተሉ

ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አሽከርካሪ ፍሬን ላይ ከመቆም ይልቅ በከባድ ማርሽ መያዝ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ያው ሰው ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቶ መሪ ቢይዝ ምን ዓይነት ክስ እንደሚጠብቀው የሚረዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተያዘ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሁኔታ ላይ ለሚገኝ አሽከርካሪና ለቤተሰቡ ከመጀመሪያው ሰዓት አንስቶ ምን ማድረግ እንደሚገባ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

በመጀመሪያ ጉዳይዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ። በሰው ላይ አደጋ ሳይደርስ በቁጥጥር ብቻ የተያዘ አሽከርካሪ የሚጠየቀው በመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነው፤ ይህም ለዓመታት በደንብ ቁጥር 395/2009 የተሻሻለው ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር። ውጤቱ የገንዘብ ቅጣትና በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ ሲሆን ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃዱን እስከ መታገድ ያደርሳል። የቅጣቱ መጠን በየጊዜው ስለሚቀየር ከሌላ ሹፌር በሰሙት ቁጥር ላይ ከመመሥረት ይልቅ እርስዎ በተያዙበት ቀን ይሠራ የነበረውን ደንብ አስፈልገው ያንብቡ። ሰው ከቆሰለ ወይም ከሞተ ግን ጉዳዩ ከትራፊክ ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ይገባል።

መንገድ ላይ ሲቆሙ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃውን ያቅርቡ፤ ክርክር አይክፈቱ። በትንፋሽ መመርመሪያ ከተለኩ የወጣውን ቁጥርና ሰዓቱን ይጠይቁና ወዲያው ይመዝግቡ። ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው ቀስ እያለ፣ በሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 15 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ቡና መጠጣትም ሆነ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ አያፋጥነውም። ስለዚህ ባሽከረከሩበትና በተለኩበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት በኋላ ለክርክሩ ዋጋ ይኖረዋል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ከሰዓቱን በጫት አሳልፎ ማታ ጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ምርቃና መስበሪያ መጠጥ፣ የያዘ ሰው ንቁ ስለሆነ ያልሰከረ ይመስለዋል፣ መሣሪያው የሚለካው ግን በትንፋሹ ውስጥ ያለውን አልኮል እንጂ ስሜቱን አይደለም።

አደጋ ደርሶ ከሆነ ተጎጂውን ሳይረዱ አካባቢውን አይልቀቁ፤ የተጎዳን ሰው አለመርዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 መሠረት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የሕዝቡ ቁጣ አስፈርቶዎት ቢርቁ እንኳ በቀጥታ ወደሚቀርበው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው እጅዎን ይስጡ። ድንጋጤ እንዲያበርድልዎ በሚል አረቄ የሚያቀርብ ወዳጅ አይታጣም፤ ከአደጋው በኋላ የተጠጣ መጠጥ የምርመራውን ውጤት ስለሚያበላሽ አይቀበሉ፤ ከጠጡም መቼ፣ ምን ያህልና በማን ፊት እንደጠጡ ለጠበቃዎ ይንገሩ። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሲያነሳ፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ለክቶ በንድፍ ሲያሰፍር፣ በአካባቢው የነበሩ ሰዎችን ስም ቤተሰብዎ ይያዝ፤ የፍሬን ምልክቱ፣ የመንገዱ ስፋትና ተጎጂው የነበረበት ቦታ በፕላኑ ላይ በትክክል መስፈሩ ከማንኛውም ምስክር ቃል የማይተናነስ ክብደት አለው።

ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ ብዙ ሰው ራሱን የሚጎዳው በአንዲት አረፍተ ነገር ነው። «ትንሽ ቀምሻለሁ» ማለት በእኛ አነጋገር ትሕትና ቢመስልም በምርመራ መዝገብ ላይ ሲሰፍር መጠጣትን ማመን ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዙበትን ምክንያት በሚገባዎት ቋንቋ የማወቅና ያለመናገር መብት አለዎት፤ በከሚሴ ወይም በባቲ በኩል የተያዘና አማርኛ የማይቀናው ሰው ይህን በግልጽ ይጠይቅ። ጉዞው የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብም ይገባዎታል። ሆኖም ያለመናገር መብት ምርመራን እምቢ ማለት ማለት አይደለም፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 34 መርማሪው አስፈላጊ መስሎ ከታየው ደም መውሰድን ጨምሮ የአካል ምርመራ በሐኪም እንዲደረግ የማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል፣ ሐኪሙም ውጤቱን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ከዚህ የምንረዳው ምርመራውን የሚያደርገው ሐኪም መሆን እንዳለበትና ያለ ጽሑፍ የቀረበ ውጤት ለጥያቄ የተጋለጠ መሆኑን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋስትና ጥያቄ ነው። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 የዋስትና መከልከልን የሚያያይዘው ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ከማስቀጣቱና ተጎጂው የሚሞት ከመሆኑ ጋር ነው፤ ስለዚህ ተጎጂው ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ባለበት ወቅት የሐኪም ማስረጃው ለእርስዎም ጉዳይ ነው። ቋሚ አድራሻ፣ ሥራና የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ እንዳለዎት የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ፤ ዳኛው የሚያመዛዝነው ይመለሳል ወይስ ይጠፋል፣ ምስክር ያባብላል ወይስ አያባብልም የሚለውን ነው። ዋስትና ከተከለከሉ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ።

ክሱ ሲደርስዎት ከሁሉ አስቀድመው የተጠቀሰውን ንዑስ አንቀጽ ይመልከቱ፤ በእኔ አስተያየት የሞት አደጋ ክርክር ከዚህ የበለጠ ቁልፍ ቦታ የለውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 እንደ አሽከርካሪ ያለ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ያስከትላል፤ የሚሠራውም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አጥፊው ግልጽ የሆነን ደንብ እያወቀ ሲጥስ ወይም በመጠጥ አለዚያም በሚያደነዝዝ ነገር ራሱን ኃላፊነት ሊሰማው በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ሲያስገባ ነው። የመከላከያው ክርክር መጠጥ መሽተትና ራስን እስከ መሳት መድረስ አንድ አይደሉም የሚል ነው፤ የተለካ ውጤት ከሌለና ያለው ማስረጃ «ሸቶኛል» የሚል ምስክር ብቻ ከሆነ ይህ ክርክር ጉልበት ያገኛል። ዐቃቤ ሕጉ በበኩሉ ጠጥቶ ማሽከርከር የተከለከለ መሆኑን እያወቀ ነው የጣሰው ብሎ በሁለተኛው ምክንያት ሊመጣ ስለሚችል መልስዎን ለሁለቱም ያዘጋጁ። ከዚህም ሌላ አደጋው የደረሰው በመጠጡ ምክንያት ነው ወይስ ተጎጂው በድንገት ከጨለማ በመግባቱ የሚለው ከፕላኑና ከምስክሮች ይጣራል። «ሰክሬ ስለነበር አላስታውስም» የሚለው ግን መከላከያ አይሆንም፤ አንቀጽ 50 በፈቃዱ የሰከረን ሰው ከተጠያቂነት አያድነውም፣ የአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3ም ይህንኑ ቅጣት ማክበጃ አድርጎታል።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለዎት ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ ሲኖር መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምልዎ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ይጠይቁ፤ ደሴ ላይ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለው የነፃ የሕግ ምክር ይጠይቁ።

በወሎ ከችሎቱ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም ሽምግልና ነው። የሟች ወገን ሐዘን ላይ ሳለ ተከሳሹ ራሱ ደጃፉ ሄዶ መቆም የለበትም፤ ቤተሰቡ አበጋሮችን፣ ማለትም በወሎ ባህል የሚያስታርቁ ሽማግሌዎችን፣ ወይም በሁለቱም ወገን የሚከበሩ የአገር ሽማግሌዎችን ልኮ ለቀብርና ለተዝካር ወይም ለሰደቃ የሚሆነውን ድጋፍ ያቅርብ፣ ደም ማድረቂያውም፣ ማለትም ለሟች ወገን የሚከፈለው የእርቅ ካሳ፣ በእነሱ አንደበት ይነገር። ብዙ ቤተሰብ እርቅ ሲወርድ ክሱም የሚወድቅ ይመስለዋል፤ በቸልተኝነት ሰው የመግደል ክስ ግን በሟች ወገን ይቅርታ አይቋረጥም። ጥቅሙ ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተጎጂን መርዳትን፣ ጥፋትን ማመንን፣ እጅ መስጠትንና ጉዳቱን በተቻለ መጠን መካስን በቅጣት ማቅለያነት ይቆጥራል፤ ስለዚህ የእርቁ ሰነድ በሽማግሌዎቹ ፊርማ በጽሑፍ ይዘጋጅ፣ የተከፈለው ገንዘብም በግልጽ ይስፈር። ይህ ሰነድ ኋላ ካሳ በፍትሐ ብሔር ሲጠየቅም ያገለግላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለንብረት ራሱ ባያሽከረክርም ለካሳው ተጠያቂ ስለሆነ አይሱዙውን ወይም ባጃጁን ለሹፌር የሰጠ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሽምግልናው ውስጥ ይግባ፤ የመድን ውሉም ስለ ስካር ምን እንደሚል አስቀድሞ ያንብብ።

ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አሰምቶ ሲጨርስ ፍርድ ቤቱ በቂ አይደለም ካለ በነፃ ያሰናብትዎታል፤ ተከላከል ካለ መከላከያ ምስክሮችዎን የሚያሰሙት ያኔ ነው። ጥፋተኛ ከተባሉ ቅጣቱ የሚሰላው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ነው፤ የማቅለያ ማስረጃዎችዎን በዕለቱ በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ሁኔታው የሚፈቅድ ከሆነም ቅጣቱ በገደብ እንዲሆን ይጠይቁ። ይግባኝ ለማለት ካሰቡ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰዎት ቀን አንስቶ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻ ማስገባት ይኖርብዎታል፤ ስለዚህ ግልባጩን በዕለቱ ጠይቀው የተቀበሉበትን ቀን መዝገብ ቤቱ እንዲጽፍበት ያድርጉ።