ወደ ኋላ የሚቆጥረው የቅናሽ ሰዓት ሲዛባ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በኢሜይል ውስጥ የምናየው ቆጣሪ ሰዓት በእርግጥ ምስል ነው። የኢሜይል ማንበቢያዎች ጃቫስክሪፕትን (ድረ ገጾችን የሚያንቀሳቅሰውን የፕሮግራም ቋንቋ) ስለማያስኬዱ፣ የላኪው ሰርቨር ምስሉ በተጠየቀበት ቅጽበት ቀሪውን ጊዜ አስልቶ ተንቀሳቃሽ ጂፍ (በተከታታይ የሚታዩ ምስሎችን የያዘ ፋይል) ይልካል። አብዛኛው ብልሽት የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። በዊንዶውስ ላይ ያሉ የቆዩ የአውትሉክ ስሪቶች የጂፉን የመጀመሪያ ምስል ብቻ ያሳያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምስል ብቻውን የተሟላ ይሁን፤ ከሥሩም ቅናሹ የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ አስፍሩ። ምስል ለማይከፈትለት አንባቢም ይኸው ጽሑፍ ይደርስለታል።

አንድ ደቂቃ ቆጥሮ ወደነበረበት ይመለሳል። ጂፉ ብዙውን ጊዜ 60 ምስሎች ብቻ ስላሉት ሲጨርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። መደጋገሙን አጥፉት፤ በመጨረሻው ምስል ላይ ይቁም።

ደንበኛው ገና ሳይከፍተው ጊዜው ይሮጣል፣ ወይም አሮጌ ቁጥር ያያል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ምስሎችን በራሱ ሰርቨሮች በኩል ያሳልፋል፤ ቅጂም ሊያስቀምጥ ይችላል። ሰርቨራችሁ ቅጂ እንዳይቀመጥ የሚያዝ ራስጌ (ከምስሉ ጋር የሚሄድ መመሪያ) ይላክ፤ የምስሉ አድራሻም ለእያንዳንዱ ተቀባይ የተለየ ይሁን። አፕል ሜይል ግን ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ሰውየው ደብዳቤውን ባያየውም ምስሉ አስቀድሞ ሊጫን ይችላል። «ከተከፈተበት ጀምሮ 48 ሰዓት» የሚል ቆጣሪ በዚህ ሁኔታ ያለ ባለቤቱ መቁጠር ይጀምራል። መነሻው ደንበኛው የተመዘገበበት ወይም ማስፈንጠሪያውን የተጫነበት ሰዓት ይሁን እንጂ ኢሜይሉ የተከፈተበት አይሁን።

ኢሜይሉ 5 ሰዓት ቀረ ይላል፤ የሽያጭ ገጹ 2 ቀን። ሽያጭን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ደንበኛው አንዱ ውሸት መሆኑን ወዲያው ይረዳልና። ምክንያቱ ቀነ ገደቡ በሁለት ቦታ መያዙ ነው፦ ኢሜይሉ ከሰርቨር፣ ገጹ ደግሞ በአሳሹ ውስጥ ከተቀመጠ ትንሽ የመረጃ ፋይል (ኩኪ) ያነባል። በስልኩ ያየውን ገጽ ማታ በኮምፒውተር የከፈተ ሰው አዲስ ቆጠራ ይጀመርለታል። የአፕል አሳሽ ሳፋሪ ደግሞ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ኩኪን ቢበዛ ለ7 ቀን ነው የሚያቆየው።

ቀነ ገደቡ ከደንበኛው መዝገብ ጋር በሰርቨር ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍ። በኢሜይሉ ውስጥ ያለው ማስፈንጠሪያ የማይገመት መለያ ኮድ ይያዝ፣ ገጹም በዚያ ኮድ ሰርቨሩን ይጠይቅ። ቆጣሪው በየሰከንዱ አንድ እየቀነሰ አይሂድ፤ የገጹ ትር (ታብ) ከኋላ ሲሆን አሳሹ ስለሚያዘገየው ወደ ኋላ ይቀራል። በየጊዜው የሰርቨሩን ሰዓት መነሻ አድርጎ ከቀነ ገደቡ ጋር ያለውን ልዩነት ያስላ። መክፈያው ገጽም ዋጋውን ከመቀበሉ በፊት ያንኑ መዝገብ ያመሳክር፤ ያለዚያ ሰዓቱ 0 ከደረሰ በኋላም ቅናሹ በጓሮ በር ይሸጣል።

በየሳምንቱ የሚደገም ቅናሽ ቆጣሪ በዓመት ሁለት ጊዜ በ1 ሰዓት ይዛነፋል። በየዙሩ 168 ሰዓት እየደመራችሁ ከሆነ፣ ሰዓታቸውን በበጋና በክረምት የሚቀይሩ አገሮች ያዛቡባችኋል። የሚቀጥለውን ቀን በቀን መቁጠሪያና በሰዓት ክልሉ ስም አስሉት።

ሁሉም በትክክል ይሠራል፣ ገዢ ግን የለም። ቆጣሪው 0 እንደደረሰ በዚያው ደቂቃ እንደገና ከጀመረ፣ ደንበኛው መቸኮል እንደማያስፈልግ ተምሯል። ጉዳዩ የሕግም ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለገዢው የማሰቢያ ጊዜ ለመንፈግ ምርቱ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚገኝ በሐሰት መናገርን ይከለክላል። ተደጋጋሚ ቅናሽ በራሱ ነውር የለበትም፤ በዙሮቹ መካከል ግን በእርግጥ ይዘጋ፣ ላመለጠውም የሚቀጥለው ቀን በግልጽ ይነገረው።

ወደ ደንበኞች ከመላካችሁ በፊት ቀነ ገደቡን 10 ደቂቃ ብቻ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ የጂሜይል፣ የአውትሉክና የአፕል አድራሻዎች ላኩት፤ 0 ካለፈ በኋላም በቅናሹ ዋጋ ለመግዛት ሞክሩ።