ቬኒር ጉድ አይሸፍንም፦ ያረጀ ቡፌ ችግርና መፍትሄ

የአክስቴን ቡፌ ስጠግን ተሸውጃለሁ። የላዩን ስንጥቅ በስቱኮ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ አዲስ ቬኒር (ላዩ ላይ የሚለጠፍ ስስ የእንጨት ልባጥ) ለጠፍኩ። አማረብኝ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ስንጥቁ በቬኒሩ ላይ እንደ ጅማት ተሰምሮ ወጣ። ዛሬ የሚሸጠው ቬኒር አብዛኛውን ጊዜ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ድሮ በመጋዝ የሚሰነጠቀው ከ1 ሚሊሜትር በላይ ስለነበር ትንሽ ጉድለት ይችል ነበር። የአሁኑ የስሩን ሁሉ ያሳብቃል።

እንጨቱ ከተሰነጠቀ፦ እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ስቱኮ አብሮት ስለማይሄድ ይለቃል። ስንጥቁን በስለት አጽዱ። ከዚያው ዓይነት እንጨት፣ ዋንዛ ከሆነ ከዋንዛ፣ ስስ ሽብልቅ አውጡ። ጭረቱን (የእንጨቱን የተፈጥሮ መስመር) ከሳንቃው ጭረት ጋር አስተካክላችሁ በኮላ አስገቡት። በመዶሻ አትጠቅጥቁት፤ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ሲደርቅ ትርፉን በመላጊያ አስተካክሉ። እኔ አሁን ከላይኛው ቬኒር በፊት ሌላ ስስ ቬኒር ከሳንቃው ጭረት አግድም እለጥፋለሁ። ድካም አለው፣ ግን ስንጥቁ ዳግም አልታየም።

ትንንሽ ቀዳዳና ዱቄት ካያችሁ፦ ነቀዝ ነው። ቀዳዳው የወጣበት እንጂ የገባበት አይደለም፤ ትሉ ውስጥ ሆኖ ለዓመታት ሲበላ ከርሟል። አሁንም አለ ወይ? ዱቄቱን ጠርጋችሁ ከስሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፉ። ቡፌው ሳይነካ ከሳምንታት በኋላ አዲስ ዱቄት ከወረደ ትሉ በሕይወት አለ። መጀመሪያ ለእንጨት የተዘጋጀ የነቀዝ መድኃኒት፣ ከዚያ ጥገና። ብዙ ሰው ላምባ ያፈስበታል። አልመክርም፤ ቅባቱ ኮላ እንዳይዝ ያደርጋል።

እግሩ ከላላ ወይም ከረጠበ፦ ወለል በታጠበ ቁጥር እግሩ ውሃ ይጠጣል። በወስፌ ወጋ አድርጉት። የአክስቴ ቡፌ የኋላ እግር ላይ ወስፌው እንደ ዳቦ ነው የገባው። እንዲህ የበሰበሰውን ኮላ አያድነውም። ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቁረጡ፣ በደንብ የደረቀ ቁራጭ ቀጥሉበትና በሞርሳ አጥብቃችሁ አሳድሩት።

ለተሰረጎደ ቦታ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ትኩስ ካውያ ንኩበት፤ እንፋሎቱ ይነፋዋል። ጭረቱ ከተበጠሰ ግን አይመለስም፣ ቁራጭ ግጠሙበት። ለምስማር ቀዳዳ ስቴኪኒና ኮላ ይበቃል።

የድሮው ሙጫ ቅሪትስ? አሮጌ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የቆዳ ወይም የአጥንት ሙጫ ስለሆነ ሞቅ ያለ ውሃና ስፓቱላ ያነሳዋል። ከዚያ እንጨቱን ቀናት አድርቁት።

ለቬኒሩ ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት መብራቱን አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ከጎን በኩል አጋድማችሁ አብሩበት። ጥላ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ገና ነው።