ወለምታ ቤተሰቡን ሲዞር

እኛ ቤት ወለምታ እንደ ርስት ነው። እናቴ በጳጉሜ፣ ታናሽ እህቴ በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ እኔ ደግሞ ለደመራ ስወጣ ተረኛ ሆንኩ። መገጣጠሚያ ላላ ማለት በዘር እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ግን መስከረምም አታላይ ወር ነው፣ ፀሐይ ወጥታ አደዩ ሲፈካ ጭቃው የደረቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ያው ክረምት ነው።

ቁርጭምጭሚት ከዞረ መጀመሪያ ተቀመጡ። እግሩን ትራስ ላይ ከልብ ከፍ አድርጉት። በረዶ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ድገሙት። ፋሻ ካሰራችሁ በኋላ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ በጣም ጠብቋል፣ አላሉት።

አሁን ከእማዬ ጋር ወደሚያጣላኝ ነገር ልምጣ፦ ማሸት። እሷ ወጌሻ ካልተጠራ እንቅልፍ አይወስዳትም። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ግን አይታሽም፣ እብጠቱን ያባብሰዋል፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነማ ጉድ ነው! አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ክፉኛ ካመመ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ራጅ ተነሡ።

ሕመሙ ሲቀንስ ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሱት። ጥርስ ስትቦርሹ በተጎዳው እግር ብቻ ቁሙ፣ ግድግዳ እየያዛችሁ። እህቴ እንደ ሽመላ ቆማ ስታዩዋት ትስቃላችሁ፣ ግን ቁርጭምጭሚቱን የሚያጠነክረው ይኼ ነው።

ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማችሁን ደግሞ እስከ ጥቅምት ደብቁት።