ከመርከብ ወርዶ መገበያየት፦ በሴንት ቶማስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፍሎሪዳ ተነሥተው ምሥራቃዊ ካሪቢያንን የሚዞሩ የሽርሽር መርከቦች በብዛት ከሚቆሙባቸው ደሴቶች አንዷ ሴንት ቶማስ ናት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ከጎረቤት ደሴቶቿ ጋር ከዴንማርክ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዝታታለች፤ የዋናው ጎዳና ሱቆችም ብዙዎቹ በዴንማርኮች ዘመን መጋዘን በነበሩ ወፋፍራም የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ናቸው። እናቴን ይዤ የወረድኩት በጥር ወር ነበር። ከሚከተሉት ስህተቶች ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ አንዱንም አልሠራችም።

ትልቁ ስህተት «ከቀረጥ ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ «ርካሽ» ብሎ ማንበብ ነው። ሻጩ ከቀረጥ የተረፈውን ለገዢው የመተው ግዴታ የለበትም። የሚፈልጉትን ሽቶ ወይም የእጅ ሰዓት የአገርዎን ዋጋ ጽፈው ካልያዙ ማነጻጸሪያ የለዎትም። በወርቅ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እናቴ አንድ ቀለበት አንሥታ «ግራሙ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ተረጎምኩ፤ ሻጯ ግራ ተጋባች፤ እዚያ የሚሸጠው በፍሬ ነው። አጥብቀን ስንጠይቅ ትንሽ ሚዛን ከጓዳ መጣ። ቀለበቱ አራት ግራም አልሞላም፤ በውስጡ የታተመውም 585 የሚል ቁጥር ነበር። ይህ 14 ካራት ማለት ነው፤ ንጹሑ ወርቅ 58.5 በመቶ ብቻ። 18 ካራት 750፣ ከዱባይ የለመድነው 21 ካራት ደግሞ 875 ተብሎ ይታተማል። እናቴ ቀለበቱን መለሰችና «ለሳጥኑ ነው እንዴ የምንከፍለው?» አለች። በር ላይ ሳንደርስ ዋጋው በሩብ ወረደ። የተለጠፈው ዋጋ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

መርከቡ ውስጥ የሚታደለውን የሱቆች ካርታ እንደ ገለልተኛ ምክር መውሰድም ያስከፍላል። በካርታው ላይ «ይመከራሉ» የተባሉት ሱቆች ብዙውን ጊዜ ለማስታወቂያው የከፈሉ ናቸው። በነፃ የሚሰጡትን ትንሽ ጌጥ ይቀበሉ፤ ግዢውን ግን ሌላም ሱቅ አይተው ይወስኑ።

የጉምሩክን ልክ አለማወቅ። ወደ አሜሪካ የሚመለስ ነዋሪ ከሴንት ቶማስ እስከ 1,600 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ከአብዛኞቹ የካሪቢያን አገሮች ግን 800 ብቻ። መርከቡ ባሃማስም የሚቆም ከሆነ ትልቁን ግዢ ለሴንት ቶማስ ማቆየት ነው። በአንድ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ድርሻውን ደምሮ በአንድነት ማስታወቅ ይችላል። ደረሰኝ አይጣል። የባሕር ኤሊ ቅርፊት ጌጥ ግን በምንም ዋጋ አይግዙ፤ ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው።

ታክሲ ውስጥ ዋጋ ሳይጠይቁ መግባት። ጎናቸው ክፍት የሆነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባቸው «ሳፋሪ» የሚባሉ መኪኖች ሒሳብ የሚቆጥር ሜትር የላቸውም፤ በመንግሥት የተተመነው ሒሳብም በነፍስ ወከፍ ነው። እኔ የሰማሁትን ዋጋ የሁለታችን መስሎኝ ነበር። ከሃቬንሳይት ወደብ እስከ ከተማው በባሕሩ ዳር ግማሽ ሰዓት ገደማ በእግር ያስኬዳል። መኪና በግራ ስለሚነዳ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ።

ሰዓትን በስልክ ማመን። ከኅዳር እስከ የካቲት ሴንት ቶማስ ማያሚን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። መርከቡ ሌሊቱን ሰዓቱን ወደፊት ገፍቶ ነበር፤ የእኔ ስልክ ግን ወጪ ፈርቼ ከኔትወርክ ስላወጣሁት በማያሚ ሰዓት ቀርቷል። ዘጠኝ ከሩብ ነው ብዬ ቡና ላዝዝ ስል እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ከመርከቡ ግድግዳ ሰዓት ላይ አይታ በሐበሻ አቆጣጠር ያስተካከለችው ሰዓቷ አሥር ከሩብ ይላል። «አንተ ልጅ፣ ተመለሱ ያሉን አሥር ተኩል አይደለም?» መርከቡ የሚጠብቀው በራሱ በኩል ጉብኝት የገዙትን ነው፤ በራሱ የወጣ ሰው ወደብ ላይ ይቀራል።

ሰነድ ያለመያዝን ነገር በአጭሩ ልበል፦ ግሪን ካርድ ለሴንት ቶማስ ይበቃ ይሆናል፤ ሌሎቹ ደሴቶች ግን የየራሳቸው የቪዛ ሕግ አላቸው፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ትኬት ሳይቆርጥ እያንዳንዱን ወደብ ይጠይቅ። ሲመለሱ በር ላይ የሚጠየቀው የመርከቡ ካርድ ነው። እናቴ የእሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር። የእኔ ሳፋሪው ወንበር ሥር ተገኘ፤ ሾፌሩ እየሮጠ አመጣልኝ።