የተከፈተን ፋይል ሙሉ ዱካ በሊኑክስ ላይ እንዴት ማግኘት ይቻላል

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ለአንድ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት የደንበኞችን ውልና ማመልከቻ የሚመዘግብ ፕሮግራም እየጻፉ ነው እንበል። ፎልደሮቹ በአማርኛ ተሰይመዋል፤ ፕሮግራሙ በእጁ የያዘው ግን የተከፈተውን ፋይል ቁጥር (ፋይል ዲስክሪፕተር) ብቻ ነው፤ ፋይሉ የተቀመጠበትን ሙሉ ዱካ አያውቅም። ፕላን 9 የተባለው ስርዓተ ክወና ከቁጥሩ ዱካውን ለማግኘት የተበጀ ኤፍዲ-ቱ-ፓዝ (fd2path) የተባለ ሲስተም ኮል፣ ማለትም ፕሮግራም ለከርነሉ (ለስርዓተ ክወናው እምብርት) የሚያቀርበው ጥሪ፣ አለው። በሊኑክስ ግን አንድ ሊንክ የሚያመለክተውን ዱካ የሚያነብበውን ሪድሊንክ (readlink) የተባለውን ጥሪ፣ ከርነሉ በሥራ ላይ ስላሉ ፕሮግራሞች መረጃ ከሚያሳይበት ከፕሮክ (/proc) ፎልደር ጋር ማጣመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ፋይሉን ይክፈቱና ከርነሉ የሚመልሰውን ቁጥር ይያዙ፤ 0፣ 1 እና 2 አብዛኛውን ጊዜ ለመደበኛ ግቤት፣ ውጤትና የስሕተት መልእክት አስቀድመው የተያዙ ስለሆኑ 3 ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በፕሮክ ሥር ባለው ሰልፍ፣ በእርሱም ሥር ባለው ኤፍዲ ውስጥ በዚያ ቁጥር የተሰየመውን ሊንክ (ለምሳሌ /proc/self/fd/3) በሪድሊንክ ያንብቡ።

ለመልሱ 4096 ባይት፣ የጽሑፉን መጨረሻ ለሚያመለክተው ዜሮ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ባይት ያዘጋጁ። ሪድሊንክ የጻፈውን የባይት ብዛት ይመልሳል እንጂ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ዜሮ ስለማያስቀምጥ፣ ይህን ማከል የእርስዎ ድርሻ ነው። የባይቱ ጉዳይ ለአማርኛ ጸሐፊ ይበልጥ ይከብዳል፦ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ እንደ ኤክስት4 ባሉ ፋይል ሲስተሞች እስከ 255 ባይት የሚፈቀድለት የፋይል ስም ከ85 ፊደል አያልፍም። የደንበኛውን ስም እስከ አያት፣ ከነጉዳዩ፣ በፋይል ስም ላይ የመጻፍ ልማድ ባለበት ቤት ይህ ገደብ ሩቅ አይደለም።

ከዚያ መልሱን ይመርምሩ። በእዝባር ካልጀመረ የያዙት ፋይል ሳይሆን ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ፓይፕ ወይም ሶኬት ሊሆን ይችላል። ፋይሉ የተከፈተበት ስም ከተሰረዘ ከርነሉ በዱካው መጨረሻ ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ «ዲሊትድ» (deleted፣ ተሰርዟል) የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ያክላል፤ ሌላ ሰው ፋይሉን ራሱን እንዲህ ብሎ ሊሰይመው ስለሚችል ግን ቃሉን ብቻ ማመን አይበቃም። የስም ለውጥ ከተደረገ ሊንኩ አዲሱን ስም ያሳያል።

በመጨረሻ የፋይልን መረጃ ከሚሰጡት ጥሪዎች፣ ባገኙት ዱካ ላይ ስታትን (stat)፣ በቁጥሩ ላይ ኤፍስታትን (fstat) ጠርተው የዲስክና የአይኖድ (ፋይል ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠው መለያ) ቁጥሮቻቸውን ያነጻጽሩ። ከተለያዩ፣ በዚያ ዱካ አሁን የሚገኘው ሌላ ፋይል ነው። ቢመሳሰሉም እንኳ ስሙ በቀጣዩ ቅጽበት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዱካውን ለማሳያና ለመዝገብ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ንባቡና ጽሕፈቱ አስቀድሞ በተከፈተው ቁጥር ይቀጥል።